«ቲቸር፣ ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

ጥያቄ፦ በደሴ ዙሪያ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። አምስት ክፍል አስተምራለሁ፤ በእያንዳንዱም ስድሳ ገደማ ተማሪዎች አሉ። እያፈርኩ የምናገረው ነገር ቢኖር፣ ድርሰት አጽፌ ፊርማዬን ብቻ አኑሬ የመለስኩበት ጊዜ አንብቤ ካረምኩበት መብዛቱ ነው። ባለፈው መንፈቀ ዓመት አንድ ባልደረባዬ ስልኬ ላይ ቻት ጂፒቲ የሚባለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ጫነልኝ፤ እኔም ደብተሮቹን ፎቶ እያነሣሁ ማሳረም፣ የታረመውንም ገልብጬ ለልጆቹ መስጠት ጀመርኩ። ሸክሜ የቀለለ መሰለኝ። አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን «የማልረሳው ቀን» በሚል ርእስ ከአያቱ ጋር ሐይቅ ገበያ ስለሄደበት ቀን የጻፈው ታርሞ ሲመለስለት፣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ «ቲቸር፣ ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ድርሰት አዝዤ ሦስት ጊዜም ባዶ ገጽ አሳይቶኛል። የልጁንም የማሽኑንም ገጽ አያይዤ ልኬያለሁ። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን በበኩሉ «ልጆቹ ራሳቸው በማሽን እያስጻፉ ነው» በማለት ድርሰቶቹን ሁሉ በመመርመሪያ ፕሮግራም እንድፈትሽ፣ እኔም ስልኩን እንድተው አሳስቦኛል። ልተወው? ወይስ ደህና አጠቃቀም አለው?

መልስ፦

ውድ እህታችን፣

ከኀፍረትዎ ልጀምር። አምስት ክፍል በስድሳ ሲባዛ 300 ድርሰት ነው፤ አንዱን አንብቦ ለማረም 5 ደቂቃ ብቻ ቢወስድብዎ እንኳ ድምሩ 1,500 ደቂቃ፣ ማለትም 25 ሰዓት ይሆናል። ይህም የማስተማሪያው ሰዓት፣ የትምህርት ዕቅዱ፣ ስም ጠሪነቱና የቤትዎ ጣጣ ሳይቆጠር ነው። ፊርማ ብቻ አኑረው የመለሱት ስንፍና ይዞዎት ሳይሆን ሒሳቡ ስላልገጠመ ነውና በዚህ ራስዎን አይውቀሱ።

እኔም ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት ወሎ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ጉም የጦሳን ተራራ ሸፍኖ በሚውልባቸው ሳምንታት ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ደብተር ከምሬ፣ በቀይ እስክሪብቶ ገጽ ስሞላ አመሽ ነበር፤ በዚያም እኮራ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ አንዲት ተማሪዬ ደብተሯን ስታሳየኝ ግን ጥቅምት ላይ ያረምኩትና ግንቦት ላይ ያረምኩት ስሕተት አንድና ያው ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ጆን ትረስኮት የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጽሑፍ በሁለተኛ ቋንቋ ድርሰት ላይ የሚደረግ የሰዋስው እርማት አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳልና ይቅር ብለው መከራከራቸውን በኋላ ሳነብ እምብዛም አልደነቀኝም። ዳና ፌሪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በሰጡት መልስ እርማት ሁሉ አንድ አለመሆኑን፣ ተመርጦና ግልጽ ሆኖ የሚሰጠው ተማሪን እንደሚረዳ ተሟግተዋል። እኔ ወደ ፌሪስ አደላለሁ። ነገር ግን ያ የኔ ቀይ ቀለም የተመረጠም ግልጽም አልነበረም፤ ያገኘሁትን ሁሉ እለቅም ነበር። አሁን በስልክዎ የገባው ማሽን ደግሞ ካልገሩት በስተቀር የኔን ጥፋት በሴኮንዶች ውስጥ፣ ያለ ድካምና ያለ ስስት የሚደግም ነው። የሚያደርገውን ነገር በቅርብ ላሳይዎት፤ ለዚህም የላኩልኝ ሁለት ገጾች ይበቁኛል።

ልጁ በራሱ ገጽ ላይ ገበያው መሀል «ማይ ስቶማክ ከት ሚ» ብሎ ጽፏል። አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ «ሆዴን ቆረጠኝ» ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ቀጥሎ አያቱ ከወገባቸው «መቀነት» ፈትተው ሆዱን እንዳሰሩለት ይናገራል፤ ለመቀነት እንግሊዝኛ አጥቶ ቃሉን እንዳለ በላቲን ፊደል አስቀምጦታል። የማሽኑ ገጽ ላይ ቁርጠቱ የሐኪም ቤት ወረቀት በሚመስል ዓረፍተ ነገር ተተክቷል፤ መቀነቱ የለም፤ አያትየዋም ልጁን «አጽናኑት» ተብለው ታልፈዋል። እንግሊዝኛው እንከን የለበትም። ዳሩ ግን ከዚያ ቀን የማይረሳው ነገር የአያቱ መቀነት ነበርና ልጁ የጠየቀዎ ጥያቄ የድፍረት ሳይሆን የእውነት ጥያቄ ነው። ጽሑፉ የእሱ አልነበረም። በእኔ አስተያየት ለደብዳቤዎ መልስ የሚሆነው አንድ ነገር ነው፦ ከእርማቱ በኋላ እስክሪብቶው የሚመለሰው ለማን ነው? ለልጁ ከሆነ ማሽኑን ይጠቀሙበት፤ ማሽኑ ራሱ ጽፎ የሚጨርስ ከሆነ ግን ኃላፊዎ እንዳሉት መተዉ ይሻላል።

ይህን የምለው ከስሜት ተነሥቼ ብቻ አይደለም። ሮይ ሊስተርና ላይላ ራንታ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ በካናዳ በፈረንሳይኛ በሚማሩ ልጆች ክፍሎች ውስጥ መምህራን ለንግግር ስሕተት የሚሰጡትን ምላሽ ቀድተው መርምረዋል። ከምላሾቹ ከግማሽ በላይ የሆነው የልጁን ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ መልሶ መናገር ነበር፤ ልጆቹ ግን ለዚህ ዓይነቱ እርማት አጸፋ ያሳዩት ከሦስት ጊዜ አንዴ ገደማ ብቻ ነው። መምህሩ ትክክለኛውን ከመናገር ተቆጥቦ «ይህን እንዴት ነው የምንለው?» እያለ ከልጁ ከራሱ ሲያወጣ ግን ልጆቹ ሁልጊዜ አንድ ነገር ለማለት ሞክረዋል። ጥናቱ የቃል ንግግርን የሚመለከት ቢሆንም ነገሩ ለጽሑፍም የራቀ አይመስለኝም፤ ተስተካክሎ የተሰጠንን ነገር «እሺ» ብለን እናልፈዋለን፣ የተጠየቅነውን ግን እናስብበታለን።

ሁለተኛው ምስክሬ ከሒሳብ ክፍል የመጣ ነው፤ ቢሆንም ለእርስዎ ጉዳይ ከብዙ የቋንቋ ጥናት ይልቅ የሚቀርብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በቱርክ ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ሙከራ አንደኛው ቡድን ከቻት ጂፒቲ ጀርባ የነበረውን ጂፒቲ 4ን እንዳሻው እንዲጠይቅ ተፈቀደለት፤ ሌላው ቡድን ደግሞ መልሱን እንዳይነግር፣ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ በተገራ ማሽን ተለማመደ። የመጀመሪያው ቡድን የልምምድ ጥያቄዎቹን ያለ ማሽን ከሚማሩት 48 በመቶ በተሻለ ሁኔታ ሠራ። ማሽኑ ተነሥቶ ፈተና ሲቀመጡ ግን እነዚሁ ልጆች ማሽኑን ነክተውት ከማያውቁት 17 በመቶ ዝቅ አሉ። ፍንጭ ብቻ ሲሰጠው በቆየው ቡድን ላይ ይህ ጉዳት በአብዛኛው አልታየም። አንድ ዓይነት ማሽን ሆኖ ሳለ ልዩነቱን የፈጠረው መምህሩ ያበጀለት ልጓም ነበር። የእርስዎም ተማሪዎች 12ኛ ክፍል ደርሰው ለብሔራዊ ፈተና የሚቀመጡት ያለ ስልክ መሆኑን አያይዘው ያስቡት።

ለነገሩ ይህ ለወሎ ሰው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ትምህርት አይደለም። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሟ የሚጠራ የቅኔ አገር ናት፤ የቅኔ ተማሪም ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይናገራል። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ብትሆን መጀመሪያ የሚደክምባት እሱ ነው፤ መምህሩ የሚያርሙት የደከመበትን ነው። በቁርኣን ቤትም ልጁ ሉሑ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ ያለውን ለሸኹ ያነባል፤ ሳይዘው ሉሑ ታጥቦ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። በሁለቱም ቤት ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ ልጁ ይጀምራል፣ መምህሩ መሀል ይገባል፣ ልጁ ይጨርሳል። እርስዎ ባለፈው መንፈቀ ዓመት የሠሩት ስሕተት ማሽን መጠቀምዎ ሳይሆን ሦስተኛውን እርምጃ ለማሽኑ መስጠትዎ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለማሽኑ የሚሰጡት ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም እነዚህ ፕሮግራሞች የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለሆነ በአማርኛ ሲታዘዙ ሊደናገሩ ይችላሉ። የትእዛዙ ይዘት ግን እንደሚከተለው ይሁን፦ «የ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ የተማሪዎቼ አፍ መፍቻ አማርኛ ነው። ድርሰቱን መልሰህ አትጻፍ፤ የተስተካከለውንም ዓረፍተ ነገር አትስጥ። በመጀመሪያ ልጁ ሊናገር የፈለገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረኝ። ቀጥሎ ለአንባቢ ትርጉሙን የሚያደናቅፉ ሁለት ስሕተቶችን ብቻ መርጠህ፣ ስለ እያንዳንዳቸው ልጁ ራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርግ አንድ አጭር ጥያቄ አዘጋጅ። ያልገባህ ቃል ካለ አታጥፋው፤ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀኝ።» ማሽኑ ጥቂት ድርሰቶች ካየ በኋላ የታዘዘውን ረስቶ ወደ ቀድሞ አመሉ ይመለሳልና ትእዛዙን ማስታወሻ ላይ ጽፈው ያስቀምጡት፤ በየአዲሱ ውይይት መጀመሪያ ላይም መልሰው ይለጥፉት።

ልጁ ሊናገር የፈለገውን በቅድሚያ እንዲናገር ማድረግዎ ለእርስዎ መፈተኛ ነው። እርስዎ ገጹን ስለሚያውቁት ማሽኑ ነገሩን ከሳተ ወዲያው ይገባዎታል፤ ነገሩን የሳተ ማሽን ደግሞ ቀጥሎ የሚሰጠው እርማት ምንም ያህል ቢያምር አይረባም። የመቀነቱን ነገር ሳይጠይቅ ቢያልፍ ኖሮ እዚያው ላይ ያስቆሙት ነበር።

ስለ ፎቶው አንድ የማይታይ ወጥመድ አለ። ማሽኑ የእጅ ጽሑፍ ሲያነብ ፊደሉን አንድ በአንድ አይለቅምም፤ «እዚህ ጋ ሊኖር የሚገባው ቃል ይሄ ነው» እያለ በግምት ይሞላል። በዚህ የተነሣ ልጁ የተሳሳተውን ቃል ሳይነግርዎ አቃንቶ ያነበዋል፣ በትክክል የጻፈውንም አንዳንዴ አጣሞ ያነብና ስሕተት ነው ይልዎታል። ስለዚህ «መጀመሪያ ያነበብከውን ከነስሕተቱ ቃል በቃል ገልብጥልኝ» ይበሉትና ከደብተሩ ጋር ያስተያዩት። ጽሑፉ ዐሥር መስመር ከሆነ ራስዎ ቢተይቡት የሚፈጀው ጊዜ ከዚህ አይበልጥም፤ ኔትወርክ በሚጠፋበት ቀንም ፎቶ አልላክ ብሎ ከማንገላታት ያድናል።

ሌላው ችግር ውዳሴው ነው። ማሽኑ ለሁሉም «ድንቅ ሥራ ነው» ይላል። ልጆች ደግሞ በእረፍት ሰዓት ወረቀታቸውን አጠጋግተው እንደሚያነቡ እርስዎም ያውቃሉ፤ ስድሳ ሰው በአንድ ቃል ከተመሰገነ ያ ቃል በማግሥቱ ይረክሳል። ውዳሴውን ሁሉ ይሰርዙና በምትኩ ከልጁ ገጽ የወደዱትን አንድ ነገር በራስዎ እጅ ይጻፉ። «አያትህ መቀነታቸውን የፈቱበትን ቦታ ወደድኩት» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ማሽኑ የማይተካዎት ቦታ የት እንደሆነ ልንገርዎት፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይቅር ይበሉኝ። «ማይ ስቶማክ ከት ሚ» የሚለውን ማሽኑ እንደ አንድ የተበላሸ ዓረፍተ ነገር ያየዋል፣ ያቃናዋል፣ ያልፈዋል። እርስዎ ግን ከሥሩ ያለውን አማርኛ ይሰማሉ። በአማርኛ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ ደከመኝ፣ ቆረጠኝ ስንል ሰውዬው ድርጊቱ የሚያርፍበት ነው፤ ረኃቡ፣ ብርዱ፣ ሕመሙ ነው የሚመጣበት። በእንግሊዝኛ ደግሞ ሰውዬው ራሱ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆኖ ፊት ይቆማል፤ ተራበ፣ ተጠማ፣ ሕመም አለው ይባላል። ይህን አንድ ነገር የተረዳ ተማሪ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አያቃናም፤ በአንድ ቤት ያሉ ዐሥር ስሕተቶችን ባንድ ጊዜ ያያል። «ፎቶ ተነሣሁ» የሚለውን ቃል በቃል ወስዶ «ስቱድ አፕ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ፣ «ከእሱ ጋር ተጋባች» የሚለውን ይዞ «ሜሪድ ዊዝ» የሚል ልጅ፣ አማርኛው ቤቱ፣ ልጁ፣ ገበያው እያለ እርግጠኝነቱን በስሙ መጨረሻ ላይ ስለሚለጥፍ ከስሙ ፊት «ዘ» ማስቀመጥ የሚረሳ ልጅ፣ ሁሉም የሚሳሳቱት በደንብ በሚያውቁት ቋንቋ ሥርዓት እየተመሩ ነው። ይህን ለልጁ መንገር ከየትኛውም ማበረታቻ ይበልጣል፤ «አልገባህም» ከመባል «በአማርኛ አስበህ ነው» መባል ይሻላልና።

ማሽኑም ይህን ጨርሶ አያውቅም ማለቴ አይደለም። የልጆቹ አፍ መፍቻ አማርኛ መሆኑን ከነገሩት ብዙ ጊዜ ጥሩ ግምት ይሰጣል፤ አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ ልጆች ካሉዎትም ለእነሱ ለይተው ይንገሩት። ሆኖም በአማርኛ ሰዋስው ላይ በሙሉ ልብ የሚሰጠው ማብራሪያ አልፎ አልፎ ፈጽሞ የፈጠራ ይሆናል፤ የሌለ ቃል ይጠቅሳል፣ ግሡን ባልሆነ መንገድ ያረባል። በእንግሊዝኛው ላይ እሱን ሊሰሙት ይችላሉ፤ በአማርኛው ላይ ግን እርስዎ ዳኛው ነዎት፣ እሱም ተከራካሪ ይሁን።

ጊዜውን በተመለከተ፣ 300 ድርሰት በየሳምንቱ በማሽንም ቢሆን አይሞክሩ። ከእያንዳንዱ ክፍል በሳምንት 12 ልጆች ይምረጡ፤ በአምስት ሳምንት ስድሳውም ይዳረሳሉ። በአምስቱ ክፍል ተደምሮ በሳምንት 60 ድርሰት ይሆናል፤ በአምስት ደቂቃ ቢያዩት 5 ሰዓት ነው። የቀሩት ልጆች ደግሞ በዚያ ሳምንት ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን ያንብብ። የ12ቱን ጽሑፍ ስም አውጥተው ለማሽኑ በአንድነት ይስጡትና «ደጋግመው የሚታዩ ሦስት ስሕተቶችን ከልጆቹ ዓረፍተ ነገር ምሳሌ እየጠቀስክ አሰባስብልኝ» ይበሉት። እኔ ማሽኑ ለመምህር ከሚሰጠው ጥቅም ሁሉ ይህኛውን አስበልጣለሁ፤ ለብቻዬ ዓመት ሙሉ ስደክም ያላየሁትን መደጋገም በደቂቃ ያሳያል። ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ፣ የጠቀሳቸው ዓረፍተ ነገሮች በእርግጥ ከልጆቹ ገጽ የወጡ መሆናቸውን ያረጋግጡ፣ ከዚያም በጥቁር ሰሌዳ ላይ የዐሥር ደቂቃ ትምህርት ያድርጉት። ቀሪውን ጊዜ ልጆቹ የራሳቸውን ደብተር ገልጠው ያንኑ አንድ ስሕተት ፈልገው እንዲያቃኑ ይስጧቸው። ይህን ለማድረግ በክፍሉ ውስጥ ከእርስዎ ስልክ በቀር ሌላ ስልክ አያስፈልግም፤ ቤቱ ስልክ ያለውና የሌለው ልጅም አይለያዩበትም።

ማርክ ግን ማሽኑ እንዲሰጥ በፍጹም አይፍቀዱ። አንድን ድርሰት ዛሬና ነገ ቢሰጡት የተለያየ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል፤ ለምን እንደቀነሰም ለወላጅ መልስ መስጠት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። እንዲያውም ከዚህ አልፌ አንድ ነገር ልምከርዎት፤ አስተያየት በሚጽፉበት ረቂቅ ላይ እርስዎም ቁጥር አይጻፉ። ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 በእስራኤል ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ልጆች ሥራቸውን ሲያሻሽሉ፣ አስተያየትና ነጥብ አንድ ላይ የተሰጣቸው ግን ይህን ያህል ለውጥ አላሳዩም። ምክንያቱን እኛም እናውቀዋለን፤ ከ10 ስድስት ያየ ልጅ ቀሪውን አያነብም፣ ጎረቤቱ ስንት እንዳገኘ ለማየት ዘወር ይላል። ለተከታታይ ምዘና የሚሆነውን ነጥብ ልጁ አስተካክሎ መልሶ በጻፈው ላይ ይስጡ።

ኃላፊዎ ስለጠየቁት የመመርመሪያ ፕሮግራም ጉዳይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አያድርጉት። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት ሰባት መመርመሪያዎች ተፈትነው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና በገዛ እጃቸው ከጻፏቸው 91 ድርሰቶች ውስጥ በአማካይ ከ61 በመቶ በላይ የሚሆኑትን «በማሽን የተጻፈ» ብለው ፈርጀዋል። የአሜሪካ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ጽሑፍ ግን ያለ ችግር ለይተዋል። ምክንያቱ መመርመሪያዎቹ ቀለል ያለና ተገማች የሆነ የቃላት አመራረጥን የማሽን ምልክት አድርገው መውሰዳቸው ነው፤ የሁለተኛ ቋንቋ ጸሐፊ ደግሞ በሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት ነው የሚጽፈው። ቻት ጂፒቲን የሠራው ኦፕን ኤአይ ራሱ መመርመሪያውን በትክክለኛነቱ ዝቅተኛነት ምክንያት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2023 ላይ አንሥቶታል። የደሴ ዙሪያን ልጅ በእንዲህ ዓይነት ሚዛን መዝኖ «ሌባ» ማለት ግፍ ነው። ይህን ለኃላፊዎ በአክብሮት ያስረዷቸው፤ ሥጋታቸው ግን እውነት ስለሆነ ባዶ እጃቸውን አይመልሷቸው። በምትኩ የመጀመሪያው ረቂቅ ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ፣ በ15 ደቂቃ፣ በእጅ እንዲጻፍ ያቅርቡላቸው። የሚያጠራጥር ገጽ ቢገጥምዎ ልጁን ጠርተው ስለ ጻፈው ነገር ያናግሩት። ጉባኤ ቃናን ከሌላ ተውሶ መምህሩ ፊት የሚቆም ተማሪ በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቃል፤ ድርሰትም እንደዚያው ነው።

ስለ ምስጢር ጠባቂነት አጭር ቃል ብቻ። ልጆች በድርሰታቸው ውስጥ የቤት ችግር፣ የሞተ ወላጅ፣ ሕመም ይጽፋሉ፤ የተላከው ፎቶ ደግሞ አገር ውስጥ አይቀርም። አገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። ፎቶ ሲያነሡ ስም፣ የክፍል ቁጥርና የመንደር ስም ያለበትን የገጹን ክፍል ይሸፍኑት፤ የከበደ ነገር የተጻፈበትን ገጽ ግን ጨርሶ አይላኩት፣ ራስዎ ያንብቡት። ልጆቹ ራሳቸው በቤታቸው እንዲጠቀሙ ከፈለጉም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለክፍል አጠቃቀም ከ13 ዓመት ያላነሰ ዕድሜን ሐሳብ አቅርቧል፤ የቻት ጂፒቲ የአጠቃቀም ውልም ከ18 ዓመት በታች ላሉ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። የ9ኛ ክፍል ልጆችዎ ስለዚህ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። ለጊዜው ማሽኑ በእርስዎ እጅ ብቻ ቢቆይ ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ባለ ባዶ ገጹ ልጅ ልመለስ፤ ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው። ሰኞ ሌሎቹ ለእረፍት ሲወጡ ለብቻው ያስቀሩት። የማሽኑን ወረቀት አያሳዩት፤ የራሱን ገጽ ብቻ ይዘው ይቅረቡ። «ያ የሰጠሁህ ጽሑፍ ያንተ አልነበረም፤ ይሄኛው ነው ያንተ» ይበሉት። መምህር ለተማሪ እንዲህ ሲናገር ክብሩ ዝቅ ይላል የሚሉ ይኖራሉ፤ እኔ እንደዚያ አላምንም። ከዚያም ስለ ሰዋስው አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ አያቱ መቀነታቸውን ሆዱ ላይ ካሰሩለት በኋላ ምን እንዳሉት ይጠይቁት፤ ገጹ ላይ ያ አልተጻፈምና። መልሱን በአማርኛ ቢነግርዎ እስኪጨርስ ይስሙት። ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር በሚያውቀው እንግሊዝኛ ከገጹ ግርጌ እንዲጨምረው እስክሪብቶውን ይስጡት፤ የአያቱን አነጋገር በእንግሊዝኛ ማለት ቢያቅተው በአማርኛ ፊደል ይተወው። ስልክዎ በዚያ ሰዓት ቦርሳዎ ውስጥ ይቆይ።